የአባቴ ሞተር የኋላ ሹካ

ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ገጽ ላይ ድምፄን አጥፍቼ ነበር። "ቲቸር ደህና ነዎት ወይ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህና ነኝ። የጠፋሁት አፍሬ ነው። ያሳፈረኝን ነገር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ልጽፈው ነው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሞተር ሳይክል ነገር ነው።

ሞተሯን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የምትቆመው፣ ስትነሳ ጭሷ የሰልፉን መስመር የሚሸፍነው፣ እናንተም "ዕጣን" የምትሏት። (አዎ፣ አውቅ ነበር።) ያማሃ ዲቲ 175 ናት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ አንድ ሲሊንደር፣ 171 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብራ የምታቃጥል። ጭሱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

አባቴ ጤና ረዳት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ገዛት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መድኃኒት ጭኖባታል፣ ወላድ ጭኖባታል፣ አንዴ በግ ጭኖባት ሲመጣ እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችውም። እኔ ቀለም ከመቁጠሬ በፊት የካንዴላ መፍቻ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለ ከፍታም ያስተማረኝ እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚለኩት ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ እኛ ያለነው ግን ደመና ውስጥ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኔ የምኖርበት ሰፈር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000 ያልፋል። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሰባ ከመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ እንደ ድሮው ከመጣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። አባቴ ይህን ማንም ሳያስተምረው ደርሶበት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ነሐስ ቀዳዳዋ በጠበበች ለውጧት ነበር። ያቺ ነሐስ ዛሬም እዚያው አለች።

ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከተፈቀደለት በቀር ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ እሷም ግቢ ገባች። ሸራ አለበስኳት። በየሳምንቱ አስነሳታለሁ ያልኩት በየወሩ ሆነ፣ ከዚያ በየዓመት በዓሉ፣ ከዚያ ተውኩት። አይጥ ወንበሯ ውስጥ ወለደች። ጡረታ ስወጣ፣ ታዲያ ሌላ ምን ሥራ አለኝ ብዬ ሸራውን ገለጥኩ። (የፈቃዱ ጣጣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው፤ ሌላ ቀን።)

ሞተሩ እንኳ ብዙ አላስቸገረኝም። ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡራተር ታጠበ፣ የፍሪሲዮን ዲስኮች ተለወጡ፤ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። ጎረቤት ሁሉ ዕጣኑን አሸተተ። ችግሩ ኋላዋ ነበር።

የኋላ ሹካ የምለው እንግሊዝኛው ስዊንግ አርም የሚለውን ነው። የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ ይዞ፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለች አንዲት ዘንግ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚንቀሳቀስ ባለሁለት ክንድ ብረት ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ይወጣል፣ ጉድጓድ ሲገባ ይወርዳል፤ ግራና ቀኝ ያሉት አሞርዛተሮች፣ ልጆቹ አሁን ሾክ የሚሏቸው፣ ከላይ ይጫኑታል። ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ ፍጥነት ነው፣ ስለ ድምፅ ነው። ስለዚህ ብረት የሚያወራ ሰው የለም። ግን የተቀመጣችሁበት ክብደት ሁሉ ወደ መሬት የሚወርደው በእሱ በኩል ነው፤ ከኋላችሁ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከሞላ ጎደል በላዩ ላይ ነው ያለው።

የእኔዋ ግራ ክንድ አክስሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ ስንጥቅ አይደለም፤ በአባቴ ዘመን ሦስት ቦታ ተበይዷል፤ ሦስቱም በሦስት የተለያየ ከተማ፣ በሦስት የተለያየ እጅ። ላጥቤው ስል ዝገቱ በጣቴ እየተቀረፈ መጣ። ማጠፊያው ላይ ያሉት ቡሾችም አልቀዋል፤ ጎማውን ይዤ ወደ ጎን ስነቀንቀው የጣት ስፋት ይሄዳል።

ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ለአሮጌ ሞተር ሶማሌ ተራ ካልተገኘ የት ይገኛል? አንዱ ልጅ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አይቶ፣ "አባቴ፣ ይሄ ዕቃ እኮ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል" አለኝ። ሌላው ከሌላ ሞተር የወጣ አቀረበልኝ፤ ስለካው ማጠፊያው ይጠባል። ሦስተኛው አላየኝም። በታክሲ ስመለስ ወስኜ ነበር፤ አሠራዋለሁ። ካሠራሁ አይቀር ደግሞ የተሻለ አሠራዋለሁ።

"የተሻለ" የምትለዋ ቃል ናት ጣጣ ያመጣችው።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ሞተሯ ሁለት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ፊቷ ይቀልላል፤ የፊት ጎማው መሬቱን መያዝ ይተውና መሪው በእጅ ላይ ይንሳፈፋል። የኋላው ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ ከሄደ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይደላደላል፣ ዳገቱ ላይ ትረጋለች። ይህ እውነት ነው፤ ዳገት የሚወዳደሩ ሞተሮች ሹካቸው የሚረዝመው ለዚሁ ነው። ስለዚህ አራት ሴንቲ ሜትር ላስረዝመው። ከማጠፊያው እስከ አክስሉ 45 ሴንቲ የነበረው 49 ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ "ለምን እንደ አዲሶቹ በአንድ አሞርዛተር አላደረጉትም?" ትሉኝ ይሆናል። አስቤው ነበር። ነገሩን ለያማሃ ያመጣው ሉሲየን ቲልከንስ የሚባል የቤልጅየም መሐንዲስና መምህር ነው። ልጁ በሞቶክሮስ ይወዳደር ነበርና ለልጁ ብሎ ጀመረው፤ ያማሃ ሐሳቡን ገዝቶት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን በዚያ ሞተር የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መምህር በመሆኑ ብቻ ሰውየውን እወደዋለሁ። ግን የእኔዋ ሻንሲ ለዚያ አልተሠራችም፤ የኋላውን ጭነት በሁለት ጎን ተቀብላ ኖራ በአንድ ጊዜ ጀርባዋ መሐል ተሸከሚ ብላት አጥንቷ አይችለውም። ስለዚህ ባለሁለት አሞርዛተር ሆና ትቀጥላለች፤ አሞርዛተሮቹም በነበሩበት ይታሰራሉ፣ ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ላይ። እዚህች ላይ ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሠላሳ ዓመት የቴክኒክ ሥዕል ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ዘረጋሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ሣልኩት። ሒሳቡንም ሠራሁ፤ ጎማው በሩቅ ሲሆን አሞርዛተሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ምን ያህል ይጨምራል? አርባ ዘጠኝ ሲካፈል ለአርባ አምስት፤ ዘጠኝ ከመቶ ገደማ። ዘጠኝ ከመቶ ምን አላት? የብረቱን ውፍረት ከሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ሦስት ከፍ አደረግኩና ሥዕሉን በቀለም ደገምኩት። ፊርማዬንም አኖርኩበት። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር!

ኮተቤ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የድሮ ተማሪዬ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ከፈለገ አስተያየት መስጫው ላይ ይውጣ። የግቢ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው የሚሠራው። እጁ ግን ከዚያ በላይ ነው፤ ላሜራ ሲያጥፍ ጨርቅ የሚያጥፍ ይመስላችኋል። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ጓንቱን አውልቆ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጥቁር ጣቱን አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አኖረ።

"ቲቸር፣ ጅራቷ ረዘመች።"

"የቱ ጅራት?"

"ከአሞርዛተሩ ወደ ኋላ ያለችው። ድሮ አምስት ሴንቲ ነበረች፣ አሁን ዘጠኝ ሆነች። እዚህች ጋ ትሰበራለች።"

"ዘጠኝ ከመቶ ነው የጨመረው። ሒሳቡ ተሠርቷል" አልኩት። ሥዕሉን በእርሳሴ መታ መታ አደረግኩለት፤ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እርስዎ ካሉ እሺ" አለ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ያምር ነበር፤ አልዋሽም። የነሐስ ቡሾቹን ቶርኖ ቤት አስወጣናቸው። ሰንሰለቱ ስድስት ቀለበት ተጨመረበት፤ የኋላ ፍሬኑ መጎተቻ ዘንግም አራት ሴንቲ ረዘመ። ጥቁር ቀለም ቀባናት። ሚያዝያ ላይ ጎዳና ወጣች፤ ከቤቴ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ላምበረት፣ ክረምቱ ሲበረታ ቆም፣ ከመስከረም ጀምሮ እንደገና። ዳገቱ ላይ በርግጥም እንዳሰብኩት ረግታለች። ስንቱን ሰው አስቁሜ አሳየሁት! የዚህ ገጽ ሰዎች ፎቶውን ታስታውሳላችሁ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ወዶልኛል።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት ባለቤቴን "ነይ እንጦጦ እንውጣ" አልኳት። ሞተር ላይ ከወጣች አሥር ዓመት አልፏታል። ነጠላዋን አጥብቃ ከኋላዬ ተቀመጠች። በሽሮሜዳ በኩል ወጣን። ዳገቱን እንዴት ብላ ወጣችው፤ ፊቷ አልተንሳፈፈም፣ አልተንገዳገደችም። እንጦጦ ማርያም ደጅ ቆመን ተሳለምን፣ በቆሎ እሸት በላን፣ ከተማው ከታች በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። እቴጌ ጣይቱ ይህን ብርድ ጥለው ወደ ፍል ውሃው መውረዳቸው አይፈረድባቸውም።

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ከተጀመረ ትንሽ ቆይቶ፣ ባለቤቴ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "አንተ፣ ወንበሩ ወደ ግራ ዘመመብኝ።"

"አንቺ ነሽ የዘመምሽው" አልኳት።

ሌላ ኩርባ ዞርን። "ኧረ ዘሟል!" አለች። እኔም ተሰማኝ፤ ኋላዋ ከፊቷ ዘግይቶ ይዞራል፤ እንደ ተጎታች። ቀስ ብዬ ዳር አስያዝኳት። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ከብርዱ አስመሰልኩት።

ወርጄ ተንበረከክሁ። ግራው ክንድ፣ አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ከሥር ተከፍቷል። ቀለሙ ተሰንጥቆ ውስጡ የሚያብረቀርቅ አዲስ ብረት ይታያል። ስፋቱ የሳንቲም ውፍረት ያህላል። የክንዱን ቁመት ከግማሽ በላይ በልቶታል፤ የቀረው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ልጁ ጣቱን ያኖረበት ቦታ።

"ምንድን ነው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ጎማው ነው፤ ተንፍሷል" አልኳት።

እስከ ሽሮሜዳ በእግራችን ወረድን፤ እኔ ሞተሯን በፍሬን እየያዝኩ፣ እሷ ከጎኔ። የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እያለፉን ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከራሳቸው በላይ ረዝሞ። አንዷ "አይዞህ አባ" አለችኝ፤ የተሸከመችው እሷ ሆና ሳለ። ባለቤቴ ጎማውን አንዴ አየት አደረገችው። ጎማው ሙሉ ነበር። ምንም አላለችም።

ከሽሮሜዳ በፒክአፕ አስጭኜ ቤት አደረስኳት። ሌሊቱን አልተኛሁም። ወረቀቴን አውጥቼ እንደገና ሠራሁት። ስህተቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እኔ ያሰላሁት አሞርዛተሩ የሚሸከመውን ነው፤ እሱ በርግጥ የጨመረው ዘጠኝ ከመቶ ነው። ያላሰላሁት ክንዱን የሚያጎብጠውን ነው። ጎማው ከኋላ ጫፍ ወደ ላይ ይገፋል፣ አሞርዛተሩ ወደ ታች ይጫናል፤ ክንዱ እነዚህ ሁለት የሚጣሉበት እንጨት ነው፣ የሚጎብጠውም አሞርዛተሩ ያለበት ቦታ ላይ ነው። የሚያጎብጠው ጉልበት በመሐላቸው ባለው ርቀት ይባዛል። ርቀቱ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ሄደ። ዘጠኝ ሲካፈል ለአምስት አንድ ነጥብ ስምንት፤ ሰማንያ ከመቶ ጨምሯል! ክንዱ ከሥር ይሳባል፣ ከላይ ይታመቃል። እኔ ደግሞ ሥዕሉ ላይ የአሞርዛተሩን መያዣ ከሥር በኩል አዙረህ በይደው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ብረቱ ይበልጥ በሚሳብበት ፊት ላይ፣ ተሻጋሪ ብየዳ። የብየዳ ጠርዝ ሁልጊዜ ደካማ ነው፤ ስንጥቅ መጀመር ሲፈልግ እዚያ ነው የሚቀመጠው። አንድ ሚሊ የጨመርኩት ውፍረት ያንን አያድነውም።

ይህን እኮ አስተምራለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ያን ሌሊት ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ልጅ የመጨረሻ ዓመት ፈተናው ላይ መደርደሪያ የሚሸከም የብረት ክንድ ሣሉ ብያቸው፣ ሥዕሉ ጎን ላይ በእርሳስ "ይህ ጥግ ክብ ካልሆነ ይሰነጠቃል" ብሎ ጽፎ ነበር። ሥዕሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥጉም ክብ አልነበረም። በቀይ አክብቤ "የተጠየቅኸውን ብቻ ሥራ" ብዬ ጻፍኩበት። ነጥብም ቀነስኩ። ሲ የነበረው ዲ ሆነ።

በማግስቱ ኮተቤ ሄድኩ። ክንዱን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው አንዴ አይቶ ቀና አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሰው ተጎዳ?" ብሎ ነው።

"አልተጎዳም" አልኩት። ባለቤቴ ከኋላ እንደነበረች ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የፈተናውን ነገር ነገርኩት። ሳቀ። "ቲቸር እሱን አላስታውሰውም፤ ዲ ያገኘሁት እኮ በእርስዎ ብቻ አይደለም" አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህን ሥዕል ሌላ ደንበኛ ቢያመጣው አልሠራም ነበር የምለው። በር ቢሆን እሺ፤ ሰው የሚቀመጥበት ነገር አልሠራም እላለሁ። ለእርስዎ ግን አፌ እንቢ አለኝ። ስህተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።"

ምን ልበለው? እሱ አፉ እንቢ ያለው እኔ ፊት ነው። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ። ይህን ግን ለእሱ መናገር አልቻልኩም፤ እዚህ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛውን የሠራው እሱ ነው፤ ሥዕሉንም ጭምር። እኔ የሜትር ጫፍ ያዥ ነበርኩ። መርካቶ አብረን ወርደን ስፌት የሌለው ቧንቧ ፈለግን፤ ቱቦላሬው ለመስኮት እንጂ ለዚህ አይሆንም ብሎ። አንዱ ነጋዴ የውሃ ቧንቧ ሊሰጠን ሲል "ጋልቫናይዝድ ነው፤ ስበይደው ጭሱ ያሳምመኛል፣ ብየዳውም ሳንባ ይሆናል" ብሎ ተወው። ሳንባ ማለቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል ማለቱ ነው። ያገኘነው ከሰዓት በኋላ ነው።

ርዝመቱን 49 ላይ ተወው። "ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ትረጋለች" አለ። ግን የአሞርዛተሩን መያዣ ሦስት ሴንቲ ተኩል ወደ ኋላ ወሰደው፤ ጅራቷ ወደ አምስት ተኩል ተመለሰች። በዚህ የተነሳ አሞርዛተሩ ይበልጥ ይጋደማል፣ ትንሽ ይለሰልሳል፤ እሱን ሞላውን አጥብቀን አካካስነው። ከሥር ምንም ብየዳ የለም። መያዣው የሚቀመጠው በጎን፣ ጫፉ እንደ ቅጠል እየሳሳ በሚሄድ ላሜራ ላይ ነው፤ ብየዳውም በርዝመቱ እንጂ ተሻግሮ አይሄድም። ጥጎቹን ሁሉ በሞረድ ክብ አደረጋቸው። ሞረዱን ሲገፋ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አላወራንም።

ከመበየዱ በፊት ሹካውን በወፍራም ብረት ሰሌዳ ላይ በቡሎን አሰረው፤ ማጠፊያው ውስጥ አንድ ዘንግ፣ አክስሉ ቦታ ሌላ ዘንግ፤ የሁለቱን ርቀት በግራ ለካ፣ በቀኝ ለካ። እኩል ካልሆነ ጎማው አቅጣጫ ይስታል። ብረት ሲሞቅ ወደ ብየዳው ይሳባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ አደረገ፣ ከዚያ ግራ ትንሽ፣ ቀኝ ትንሽ፣ እየለካ። አንዴ መብራት ሄደብን፤ ሁለት ሰዓት ቆየን፣ ሻይ ጠጣን። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይጠላል። መጽሐፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ባለ ምድጃ አድርቀው ይላል፤ እሱ ግን አዲሱን ፓኬት እዚያው ፊቴ ቀደደና የተረፈውን ወደ ቤት ይዞ የሚስቱ ምጣድ አጠገብ እንደሚያስቀምጠው ነገረኝ። ሚስቱ ታውቃለች ወይ አልኩት። "እንጀራው ብረት ብረት ካላለ ምን ቸገራት" አለኝ።

ሲቀዘቅዝ፣ ቀለም ሳይቀባው፣ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝና አንድ ጠመኔ አወረደ። ነጭ ጋዙን ብየዳው ላይ ቀባ፣ ጠበቀ፣ በጨርቅ አድርቆ ጠረገ፣ ከዚያ ጠመኔውን ፈጭቶ በተነበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል። ምንም አልታየም።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አልኩት።

"ኧረ ቲቸር! እርስዎ ነዎት እኮ። ወርክሾፕ ውስጥ፣ በተሰበረች የመጥረጊያ እጀታ ብረት። እኔ ከትምህርት ቤት የያዝኩት እሷን ነው።"

ጨርሶ አላስታውሰውም።

ለሁለተኛው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የቴክኒክ ሥዕል ዕቃዎቼን፣ የጀርመኑን ኮምፓስ ከነሳጥኑ፣ ለልጁ ሰጠሁት፤ ልጁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነው።

ሞተሯን ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አስሬባት፣ ብቻዬን፣ ወደ የካ ሚካኤል በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ከጥንቱ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ዳገት ካልሰበራት የሚሰብራት የለም ብዬ። የሰፈሩ ልጆች "ሲሚንቶ አመላላሹ ሽማግሌ" ይሉኝ ጀመር። በተመለስኩ ቁጥር ነጭ ጋዝ፣ ጨርቅ፣ ጠመኔ። እስካሁን ንጹሕ ነው።

ለባለቤቴ እውነቱን የነገርኳት ባለፈው ሳምንት ነው። እራት በልተን ከጨረስን በኋላ። የተሰበረውን ክንድ ከጋዜጣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። በጣቷ ስንጥቁን ዳሰሰችው። "ጎማ ነው ያልከኝ ይሄንን ነው?" አለች። አዎ አልኩ። "ጎማው እንዳልተነፈሰ እኮ አይቻለሁ" አለች። ከዚያ ሳህኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሦስት ቀን፣ ልክ እንደ እናቴና እንደ በጉ፣ አላናገረችኝም።

ትናንት ጠዋት ሞተሯን ላስነሳ ስል ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ወንበሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አልተቀመጠችም። እጇን ዘረጋች።

"ጠመኔውን አምጣው፤ እኔ ልየው" አለች።